በእግር የማይረገጠው ፊት

ረቡዕ ጠዋት ሰሌፕ ወደ ባቡር ጣቢያው አደባባይ የመጣችው ምሰሶዎቿ ላይ የተቀባው ዘይት መድረቁን ልታይ ነበር። አስራ አንድ ምሰሶዎች ናቸው፤ ከካምፎር ግንድ የተጠረቡ፣ እያንዳንዳቸው የሰው ቁመት እጥፍ የሚሆኑ። ሁለት ዓመት ሙሉ አጎንብሳ ስትጠርባቸው ቀኝ ትከሻዋ አልታዘዝ ብሏት ቀርቷል። ሊመረቁ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል።

ስኩተሯን አቁማ፣ የራስ ቁሯን እንኳ ሳታወልቅ፣ ከባቡር ከሚወርደው ሕዝብ ጋር እየተጋፋች ስትገባ ልትረግጥ ያነሳችው እግሯ አየር ላይ ቀረ።

መሬቱ ላይ ፊት አለ።

ሁለት ክብ ዓይኖች፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ ግራና ቀኝ ወደ ላይ የተነሱ እጆች፣ ግንባሩ ላይ የተጠመጠመ እባብ። ባለፈው ሳምንት ባዶ ስሚንቶ የነበረው ወለል አዲስ ሴራሚክ ተነጥፎበታል፤ ግራጫው መሐል ደግሞ በየአምስት እርምጃው አንድ አንድ ፊት ገብቷል። ቆጠረች። ከጣቢያው በር እስከ ምሰሶዎቹ አስራ አንድ። የማን ስዕል እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። የግራውን ዓይን ከቀኙ ዝቅ አድርጎ የሚስል ከእሷ ሌላ ሰው የለም።

አንዲት ሴት ባለጎማ ሻንጣዋን እየጎተተች መጥታ የመጀመሪያውን ፊት በአፍንጫው ላይ አቋረጠችው።

"ኧረ እዚያ ላይ አትሂጂ!" ሰሌፕ ሳታስበው ጮኸች።

ሴትየዋ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። "ምነው? አልደረቀም እንዴ?"

"ደርቋል።"

"ታዲያ?"

 ሴትየዋ በዓይኗ ገረመመቻትና መንገዷን ቀጠለች። ከኋላዋ ተማሪዎች መጡ፤ ከነሱ ኋላ ወታደሮች፤ ከነሱም ኋላ ዓሣ በበረዶ ጭኖ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ። ሰሌፕ አንዱ ፊት ላይ ቆማ ልትጋርደው አሰበችና እሷም እንደምትረግጠው ሲገባት ዘላ ወረደች። ከዚያ ከአንዱ ወደ አንዱ መሮጥ ሆነ። አስራ አንድ ፊት በሁለት እጅ አይሸፈንም።

የተራራው ተወላጆች በሆኑት በፓይዋን ሰዎች ዘንድ እጁ ስላማረ ብቻ ያሻውን የሚጠርብ የለም። እጁን ያነሳው ሰው ቅርጽ የባላባት ቤት ንብረት ነው፤ በጃሉቫን መንደር ደግሞ የቩቩ ኤለንግ ቤት፤ ቩቩ አያት ማለት ነው። ሰሌፕ ከተራ ሰው ቤት የተወለደች ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ከተማው ሥራውን ሲሰጣት መጀመሪያ ያደረገችው መሮ መሳል አልነበረም። ያሳረደችውን አሳማና አንድ እንስራ መጠጥ ጭና ወደ ተራራው ወጣች፤ በአሮጊቷ በቩቩ ኤለንግ በር ላይ ተንበርክካ ጠየቀች። እስኪመሽ እዚያው አቆዩአት። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

"ምሰሶ ላይ ይሁን፣ ግድግዳ ላይ ይሁን። ከሰው ትከሻ በላይ ይሁን። እግር እንዳይደርስበት።"

እሷም ምላለች።

አባቷ ኩሌሌ ግን አልጠየቀም ነበር። ያኔ ሰሌፕ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ያንኑ ፊት ጠርቦ ለቱሪስት ሱቅ ሸጠ፤ ተሰማበት፤ የባላባቱ ቤት የቀሩትን ቅርጾች ሰብስቦ መንደሩ መሐል አቃጠለ። እሱም ከዚያ ወዲያ መሮ አልያዘም። ወደ ካኦሹንግ ከተማ ወርዶ ሠላሳ ዓመት በሰው ሕንፃ ላይ ሴራሚክ ሲያነጥፍ ኖረ። አሁን ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ አልቋል፤ ከሰሌፕ ጋር ከከተማው ዳር ይኖራል።

አቶ ሊን ቁና ቁና እየተነፈሰ መጣ። የከተማው አስተዳደር ሰው ነው፤ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተከታተለላት፣ ክፉ ቃል ወጥቶት የማያውቅ፣ ላቡን በመሐረብ ሲጠርግ የሚውል።

"መምህር ሰሌፕ! አዩት? የወለሉ ተቋራጭ ነው ያሰበው። ሰው ከባቡር ሲወርድ ፊቶቹ እየመሩ ወደ ምሰሶዎቹ ያደርሱታል። ለእርስዎም ድንገተኛ ደስታ ይሁን ብለው ነው።"

"ማንን አስፈቅደው?"

"ስዕሉ ከውሉ ጋር ስለተያያዘ... የተፈቀደ መሰላቸው።"

"አቶ ሊን፣ የአያትዎ ፎቶ ቤትዎ ውስጥ የት ነው ያለው?"

"ከቤት መሠዊያችን በላይ ነዋ።"

"የበር ምንጣፍ ላይ ቢያትሙልዎትስ? ድንገተኛ ደስታ ብለው?"

አቶ ሊን ወደ መሬት ተመለከተ። ያኔ ነው አንድ እግሩ የእባቡ ራስ ላይ መሆኑን ያየው፤ ቀስ አድርጎ አነሳው።

"ገብቶኛል" አለ። "ግን አንዴ ተለጥፏል። ቅዳሜ ምክትል ከንቲባው ይመጣሉ፤ ግብዣው ተበትኗል። ከምረቃው በኋላ እንነጋገርበት።"

"እስከዚያ ስንት እግር ያልፍበታል?"

ሊን የተጠየቀውን ሳይመልስ የማያልፍ ሰው ነው። "በቀን እስከ አስራ ሁለት ሺህ ሰው" አለ፤ ቀጥሎም ባልተናገርኩ የሚል ፊት አሳየ።

ቤት ስትደርስ አባቷ ቤዝቦል እያየ ጎደሬ ይበላል። ቆማ ነገረችው። ተቀመጪ ቢላት አልተቀመጠችም፤ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ትላለች፤ የስኩተሩን ቁልፍ ጣቷ ላይ ታሽከረክራለች።

"ጥሩ ሴራሚክ ነው?" አላት።

"አባዬ!"

"ምን አባዬ ትያለሽ? ስንት በስንት ነው?"

"ስልሳ በስልሳ። እኔ የምልህን ሰምተኸኛል?"

"ሰማሁ። ይረግጡት። የባላባት ፊት ስለተረገጠ ሰማይ አይወድቅም። እኔን ሲረግጡኝ የጮኸ ነበር? ሥራሽን ሠርተሻል፤ ስምሽ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። አፍሽን ዝጊና ቅዳሜ ጥሩ ልብስ ለብሰሽ ቁሚ።"

"ቃል ሰጥቻለሁ።"

"ለማን? ለዚያች ቤት?" ሳህኑን ገፋው። "አሳማ ተሸክመሽ ስትወጪ ምን አልኩሽ? ጉልበትሽ ላይ አቧራ ይዘሽ ትመለሻለሽ አላልኩም?"

 ግማሽ ልቧ እውነቱን ነው ይል ነበር። ግማሹ ደግሞ የሻንጣውን ጎማ ድምፅ ይሰማል። መኝታዋ ላይ ስትገላበጥ አደረች፤ ሐሙስ ማለዳ ስኩተሯን አስነስታ የተራራውን ጠመዝማዛ መንገድ ተያያዘችው። መንገዷን ሁሉ የምትለውን ስትደረድር ነበር። ተቋራጩ ነው፤ አላወቅሁም፤ ልነግርዎ የመጀመሪያዋ ልሁን ብዬ። ጃሉቫን ስትደርስ የደረደረችው ሁሉ ተበተነ።

ቩቩ ኤለንግ ከቤታቸው ጣሪያ ጥላ ሥር ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። በሁለቱም እጆቻቸው ጀርባ ላይ ያለው ንቅሳት ደብዝዞ አረንጓዴ ሆኗል።

"ቩቩ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ..."

"ዛሬ ጠዋት የወንድሜ የልጅ ልጅ በስልኩ አሳየኝ። ተቀመጪ።"

"ቆሜ ይሻለኛል።"

"ተቀመጪ አልኩሽ! እንደ ዶሮ አትንቀዥቀዢብኝ።" ሳቪኪ የሚባለውን የሚታኘክ ፍሬ ከኖራ ጋር በቅጠል ጠቅልለው አቀበሏት። ሰሌፕ ጉንጯ ውስጥ ከተተችው፤ ማኘኩ ትንሽ እንደ መረጋጋት አደረጋት። "ሰው ሁሉ ምን ሲለኝ እንዳረፈደ ታውቂያለሽ? የአባቷ ልጅ ናት ነው የሚለኝ።"

ሰሌፕ ማኘኳን አቆመች። "እርስዎስ ምን አሉ?"

"መጥታ ከነገረችኝ አይደለችም፤ ካልመጣች ናት አልኩ። ከዚያ ስኩተርሽ ከታች ሲያጓራ ሰማሁ። ጭስ ማውጫውን አሠሪው፣ አገር ይረብሻል።" አንድ እፍኝ ባቄላ ፈለፈሉ። "ምን ልታደርጊ አሰብሽ?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም። ስልክ ላይ ያየሁት ነገር አይገባኝም። የነገው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?"

ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቩቩ ኤለንግና አምስት የመንደሩ አሮጊቶች ከአውቶቡስ ወረዱ። ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ለብሰዋል። ሰሌፕ መሮና መዶሻዋን በቦርሳ ይዛ ጠበቀቻቸው፤ ለምን እንደያዘች ለራሷም ግልጽ አልነበረላትም።

ቩቩ ኤለንግ ከመጀመሪያው ፊት ፊት ለፊት ቆሙ። ብዙ አዩት። ሰው በግራና በቀኛቸው ይጎርፋል። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና ከሴራሚኩ አጠገብ መሬት ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ሌሎቹም ያንኑ አደረጉ። ለስድስት ፊት ስድስት አሮጊት። ለቀሩት ጫማቸውን ዙሪያውን ደረደሩባቸው።

የሚያልፈው ሰው እየዞራቸው መሄድ ጀመረ። አንዱ ጎልማሳ ቆም ብሎ "ሳቪኪ ትሸጣላችሁ?" አለ።

"ሳቪኪ የለም" አለችው አንዷ አሮጊት። "ግን ዞረህ እለፍና እመርቅሃለሁ።"

ዞሮ አለፈ።

አቶ ሊን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ሮጦ መጣ። ቩቩ ኤለንግ ቀና ብለው አይተውት አንድ ቃል ተናገሩ፤ "ይነሳ።" ሊን አለቃውን ሲለምን ተሰማ። አዎ ጌታዬ። አይደለም ጌታዬ፣ ሰልፈኛ አይደሉም። ተቀምጠው ነው። አሮጊቶች ናቸው። አዎ። አይቻልም፣ እሺ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ለረጅም ጊዜ ላቡን ጠረገ። ከዚያ ወደ ጣቢያው ዕቃ ቤት ሄደ። ሁሉም ፖሊስ ሊጠራ ነው ብለው ሲጠብቁ፣ ብርቱካናማ የመንገድ ማገጃዎች ደራርቦ ተሸክሞ ተመለሰና በአስራ አንዱም ፊት ዙሪያ አቆማቸው።

"የምሳ ሰዓቴ ነው" አለ ለሰሌፕ፣ ዓይኗን ሳያይ። ገና አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም። "ምሳ ላይ ሳለሁ የሚሆነውን እኔ አላይም።" ሄዶ ከአንዱ ምሰሶ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

"በይ" አሉ ቩቩ ኤለንግ። "አንቺ ሳልሽው፣ አንቺ አንሺው።"

ሰሌፕ ተንበረከከች። መሮውን መጋጠሚያው ላይ አድርጋ መታች። ምንም የለም። ጠበቅ አድርጋ መታች። ሦስተኛው ላይ ጣጥ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ፊቱ ከዓይኑ እስከ አገጩ ተሰነጠቀ። አሮጊቶቹ በአንድ ትንፋሽ "ኡ!" አሉ።

"ተይ! ልትገድዪው ነው እንዴ!" ቩቩ ኤለንግ እጃቸውን ስንጥቁ ላይ አሳረፉ። "ከምትሰብሪው ቢረገጥ ይሻል ነበር!"

 ሰሌፕ መዶሻውን ለማስቀመጥ እንኳ ቦታ አጣች። ሰው ተሰብስቧል፤ ስልኮች ወደ ላይ ተነስተዋል፤ አንዱ ይስቃል። ልነሳና ልሩጥ፣ ስኩተሬ ላይ ልውጣና ልጥፋ አለች በሆዷ።

"እንጨት መሰለሽ?" አለ ከኋላዋ የምታውቀው ድምፅ።

ኩሌሌ ነው። ያረጀች የሸራ ቦርሳ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል፤ ከካኦሹንግ ከተመለሰ ወዲህ ያልተከፈተች ቦርሳ። ማንንም ሰላም አላለም። ማገጃውን በእግሩ ገፍቶ ገባ፤ በስንት ማቃሰት ሁለተኛው ፊት አጠገብ ተንበረከከና ሴራሚኩን እንደ በር በጣቱ መገጣጠሚያ ያንኳኳው ጀመር። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

"መሐሉ ባዶ ነው" አለ። "ማጣበቂያውን ቆጥበውበታል፣ ሌቦች። ደግሞ ገና እርጥብ ነው። መሮሽን ወዲያ በዪና ያንን ግራጫውን ስበሪው።"

"የቱን?"

"ጎረቤቱን! ፊት የሌለውን። ለመግቢያ አንዱ መሞት አለበት። ከላይ አይነሳም፤ ከጎኑ ነው የሚነሳው።"

ግራጫውን ሰበረች። እሱ ከቦርሳው ቀጭን የብረት ሽቦ አወጣ፤ ሁለቱን ጫፎች እንጨት ላይ ጠምጥሞ አንዱን ለእሷ ሰጣት። ሽቦውን በፊቱ ሥር አስገብተው ፊትና ኋላ መሳብ ጀመሩ፤ እሱ ሲስብ እሷ ትለቃለች፣ እሷ ስትስብ እሱ ይለቃል። "ቀስ። ልብስሽን እየሰፋሽ ነው እንጂ ዛፍ እየቆረጥሽ አይደለም።" ከሥር አሸዋ የሚመስል ድምፅ ይመጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለቱን እጆቹን ሥሩ ሰደደና፣ ከአልጋ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው፣ ፊቱን ሙሉውን አነሳው።

 ተሰብስቦ የነበረው ሰው አጨበጨበ፤ ምን እንደሆነ የገባው ጥቂቱ ነው።

ኩሌሌ ያነሳውን ይዞ ወዴት እንደሚያስቀምጠው ሲያመነታ ቩቩ ኤለንግ ሹራባቸውን አወለቁና አነጠፉለት።

"ይህን ማን አስተማረህ?" አሉት።

"ካኦሹንግ። ሥራዬን ስታቃጥሉብኝ የት ልሂድ ኖሯል?"

 ሰሌፕ አባቷ የዚያችን ቤት ሰው ሲያናግር ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ መስማቷ ነው።

"ያቃጠለችው እናቴ ናት" አሉ አሮጊቷ።

"እርስዎስ የት ነበሩ?"

"ቅርጾቹን ወደ እሳቱ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።" ሽሽት አልነበረበትም ንግግራቸው። "አንዱን ልደብቅ አስቤ ነበር። ትንሿን፣ አፏ የተከፈተውን። ፈራሁ። እጄ ላይ ይዣት ቆሜ፣ ከዚያ ጨመርኳት።"

 ኩሌሌ ሽቦውን በመዳፉ ላይ አፍታታው፣ መልሶ ጠመጠመው።

"አፏ ገና በቅጡ አልተከፈተም ነበር" አለ በመጨረሻ። "የምትዘፍን አስመስዬ ነበር የጀመርኳት። አልጨረስኳትም።" ከዚያ ወደ ሰሌፕ ዞረ። "ምን ትጎለቻለሽ? ዘጠኝ ቀርቶናል።"

እስከ አስር ሰዓት ሠሩ። ጉልበቱ ሲያቅተው አሮጊቶቹ የተጣጠፈ ልብሳቸውን ሥሩ አስገቡለት፤ አንዷ ሻይ ገዝታ አመጣችለትና ስኳሩ በዛ ብሎ ተቆጣ። ሊን ከአንድ ሰዓት በኋላ ምሳውን ጨረሰ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ምሳ ጀመረ። በመጨረሻ አስር ሙሉ ፊትና አንድ የተሰነጠቀ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ወደ ተራራው የሚመለሰው አውቶቡስ ላይ ተጫኑ። ሾፌሩ ከብዶኛል ብሎ ሲያጉረመርም ቩቩ ኤለንግ "የኔ ዘመዶች ናቸው፣ ቀስ ብለህ ንዳ" አሉት።

ቅዳሜ ምክትል ከንቲባው አሸዋ የተሞሉ አስራ አንድ ጉድጓዶች እየዞሩ ወደ ምሰሶዎቹ ሄዱ፤ ስለ ባህል ተናገሩ፤ ሪባን ቆረጡ። ሰሌፕ ጥሩ ልብሷን ለብሳ ቆመች። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷ ዓይኗ ከሰው እግር አልነቀል አለ።

ነገሩ ሳይከፈልበት አላለፈም። ወንዙ ዳር ለሚሠራው መናፈሻ ተስማምተውላት የነበረው ሥራ በሁለት መስመር ደብዳቤ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አቶ ሊን ወደ ዛፍ ተከላ ክፍል ተዛወረ፤ ደውላ ይቅርታ ስትጠይቀው "ዛፍ ስልክ አይደውልም፣ ደህና ነኝ" አላት። ተቋራጩ ጉድጓዶቹን በግራጫ ሴራሚክ ደፈነ። ሰሌፕ ለሳምንታት መሮ ማንሳት አቃታት። አዲስ ግንድ ፊት ትቆማለች፣ ዙሪያውን ትዞራለች፣ ትወጣለች፣ ስኩተር ላይ ወጥታ ያለ ጉዳይ ከተማውን ስትዞር ትውላለች። ይህን ሁሉ ያደረገችው ለቩቩ ኤለንግ ቤት ይሁን ለራሷ ቃል፣ ወይስ የአባቷ ልጅ ናት እንዳይሏት፣ እርግጠኛ አልነበረችም። የአባቷ ልጅ መሆንስ ምን ነውር ነበረው? ያቺ ጥያቄ ናት እንቅልፍ የነሳቻት።

በወሩ ቩቩ ኤለንግ ላኩባት። ፊቶቹ በግቢያቸው ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ትከሻ በላይ ይለጠፉ ብለዋል። አባትሽም ቢመጣ ጥሩ ነው አሉ።

"ጉልበቴን ያመኛል" አለ ኩሌሌ።

"በስኩተር ነው የምንሄደው እኮ።"

"ጭስ ማውጫሽ ጆሮ ይበጥሳል።"

ብቻዋን ሄደች። ስሚንቶ አቡክታ፣ መሰላል ላይ ወጥታ ሁለቱን ለጠፈች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ከመንገዱ ጩኸት ተሰማ።

"ተጣመመ! ወደ ግራ ዘምሟል! ዓይን የለሽም?"

ኩሌሌ ከግቢው ውጭ መንገዱ መሐል ቆሟል። በአውቶቡስ መጥቶ ነው። አንድ እግሩን ወደ ግቢው አላስገባም።

"ግባና አሳያት እንጂ!" አሉ ቩቩ ኤለንግ ከጥላው ሥር።

"እዚሁ ይታየኛል።"

"ከመንገድ ላይ የሚጮኸው ውሻ ነው።"

"ውሻ ከተባልኩማ ጭራሽ አልገባም። ሰሌፕ! አውርጂው! ሥሩን ፍቂና እንደገና!"

አወረደችው። እንደገና ለጠፈችው። አሁንም ተጣሟል አለ። ሦስቴ አስወረዳት፤ ስሚንቶው እስከ ክንዷ ደርሷል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለስድብ አፏን ስትከፍት ቩቩ ኤለንግ ከተቀመጡበት ተነስተው፣ የሚቀመጡባትን ዱካ ራሳቸው አንጠልጥለው፣ ግቢውን ሲያቋርጡ አየቻቸው። ወደ መንገዱ ወጡ። ዱካዋን ከኩሌሌ ኋላ አስቀመጡና ተመለሱ።

ኩሌሌ ዱካዋን አያት። ግራና ቀኙን ተመለከተ፣ የሚያየው ሰው እንዳለ ሁሉ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠባት።

"አሁን ወደ ቀኝ" አለ። "ትንሽ። የጥፍር ያህል። እዚያው። አትንኪው!"